የክርስትናው ቀን ቃለ ጉባኤ

ፀዳል የባሏን ፊርማ ካየች አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆኗት ነበር። እንደገና ያየችውም ቤቷ ውስጥ ሳይሆን ዳውንታውን ዴንቨር፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ፣ ከዚያ ቀን በፊት አግኝታት በማታውቅ ጠበቃ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ጠበቃዋ ወረቀቱን ወደ እሷ አዙራ፣ ከግርጌው ያሉትን ሁለት ፊርማዎች በእስክሪብቶዋ ጫፍ ነካ ነካ አደረገቻቸው።

"እነዚህን ሰዎች ታውቂያቸዋለሽ? አንደኛው የዚያን ጊዜው የቦርድ ሊቀመንበር ነው፤ ሁለተኛው ጸሐፊው። ሁለቱንም ላነጋግራቸው እፈልጋለሁ።"

ሐበሻ ሴት በባሏ ስም አትጠራምና ጠበቃዋ ከፀዳል ስም ተነስታ ምንም ልትጠረጥር አትችልም ነበር።

"ሊቀመንበሩ እዚያው ሕንፃችን ውስጥ፣ አንደኛ ፎቅ ይኖራሉ" አለች ፀዳል። "ጸሐፊው አርፏል።"

"አዝናለሁ። በቅርብ ታውቂው ነበር?"

"ባለቤቴ ነበር።"

ጠበቃዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ፀዳል ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሳችም። አስቻለው ሲፈርም መጨረሻ ላይ አንድ ረጅም መስመር ወደ ቀኝ ይስብ ነበር፤ የባንክ ወረቀትም ይሁን የልጃቸው የትምህርት ቤት ፈቃድ፣ ያቺ መስመር አትቀርም። እዚህም አልቀረችም። የወረቀቱ ጠርዝ ባያስቆማት ጠረጴዛው ላይ ልትወርድ ምንም አልቀራትም ነበር።

"እሺ" አለች ፀዳል። "ወረቀቱ ምን ይላል? ቀስ ብለሽ አስረጂኝ።"

ነገሩ የተነሳው በሐምሌ ነው። ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ውስጥ፣ የሐበሻ ምግብ ቤት ከሞላበት ከሃቫና ስትሪት ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ካለው ባለ አራት ፎቅ ኮንዶ፣ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ የከሰል መጥበሻ ተገለበጠ። እሳቱ ወደ ቤት ውስጥ አልገባም፤ ግድግዳውን ይዞ ወደ ላይ ወጣ። ደጅ የነበሩት ሰዎች "ዛፍ ላይ እንደሚወጣ ድመት" ነው ያሉት። አራት ደቂቃ ሳይሞላ ጣሪያው ጋ ደረሰ። እግዚአብሔር ሲጠብቅ ቀን ነበር፤ ማንም አልተጎዳም። የእሳት አደጋ መርማሪው የውጭውን ሽፋን ፍቆ ሲያይ ግን ከስስ ልስን ሥር ያገኘው ወፍራም ፎም ብቻ ሆነ። በፕላኑ ላይ በየፎቁ መሐል እሳት የሚገታ ንጣፍ ተስሏል፤ ግድግዳው ላይ የለም። በአራቱም ጎን የለም። ከተማው "ሽፋኑ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ተነቅሎ በደንቡ ካልተሠራ ሰው አይኖርበትም" አለ። ኢንሹራንሱ ውሉን አላድስም አለ። የአሁኑ ቦርድ ደግሞ ስፔሻል አሰስመንት የሚባለውን አመጣ፤ እያንዳንዱ ቤት ሠላሳ ስምንት ሺህ ዶላር ያዋጣ፣ ያልከፈለ ቤቱ ይያዝ። የአርባ ስምንት ቤት ባለቤት አንድ ላይ ጮኸ፤ "የገነባው ድርጅትስ?"

ፀዳል ጠበቃ ዘንድ የሄደችው ይህንኑ ልትጠይቅ ነው። የገነባው ድርጅት መልስ ጠበቃዋ ጠረጴዛ ላይ ያለው ወረቀት ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ግድግዳው ውሃ ሲያሰርግ ድርጅቱ ደፍኖ ቀለም ቀባ። በምላሹም ነዋሪው "ከእንግዲህ በውጭው ግድግዳ ምክንያት ምንም አንጠይቅም" ብሎ ፈረመለት።

"የናንተ መተዳደሪያ ደንብ እንዲህ ያለውን ስምምነት ቦርዱ ብቻውን እንዲፈርም አይፈቅድም" አለች ጠበቃዋ። "ሁሉም ባለቤት ተጠርቶ ድምፅ መስጠት አለበት። ይኸው፣ ጸሐፊው 'ኦክቶበር ሃያ አራት ቀን ጠቅላላ ስብሰባ ተጠርቶ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል' ብሎ ቃለ ጉባኤ አያይዟል። ያ ስብሰባ በእውነት ከተደረገ በሩ ተዘግቷል፤ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ። ካልተደረገ ግን ወረቀቱን መቃወም እንችላለን። እናሸንፋለን ብዬ ቃል አልገባም፤ በሩ ግን ይከፈታል። ሕንፃው ካለቀ ስድስት ዓመት ሊሞላው የቀረው ሦስት ወር ነው። ከዚያ በኋላ ሕጉ ክስ አይቀበልም፤ ብትመጡ አልጠቅማችሁም።"

"ስብሰባ ተደርጎ እንደሆነ እኔ ትዝ አይለኝም" አለች ፀዳል። እውነቷን ነበር።

"ሰውዬውን ጠይቂያቸዋ።"

ሊቀመንበር የነበሩትን ጋሽ ወልደገብርኤልን መጠየቅ እንደ አፍ አይቀልም። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ተጣልቶ እሳቸው ያላስታረቁት ባልና ሚስት በኦሮራ የለም የሚባልላቸው ሰው። አስቻለው ያረፈ ዕለት እድሩን የጠሩት እሳቸው፣ የመቃብሩን ቦታ የመረጡት እሳቸው፣ አርባ ቀን ሙሉ የለቅሶ ወንበር ሲደረድሩና ሲያነሱ የከረሙት እሳቸው ናቸው። መቃብሩ ዳር እጇን ይዘው "ስሙን እኔ እጠብቅልሻለሁ" ብለዋት ነበር።

በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ በራቸውን አንኳኳች። ሆስፒታል ላቦራቶሪ ነው የምትሠራው፤ ነጭ ጋውኗን እንኳ ከክንዷ አላወረደችም። መስኮታቸው ላይ የተፋቀውን ግድግዳ የሸፈነው ፕላስቲክ በነፋሱ ይርገበገባል።

"ግቢ፣ ግቢ የኔ ልጅ። ይሄ ላስቲክ እንደሆነ ሌት ተቀን ያጨበጭብልኛል፤ ምን እንዳስደሰተው እንጃ።"

ብርቱካን አቀረቡላት። አልነካችውም።

"ጋሼ፣ ከአራት ዓመት በፊት ኦክቶበር ሃያ አራት ቀን ስብሰባ ነበረን ወይ?"

ሽማግሌው ቢላዋውን ሳህኑ ላይ አኖሩት።

"ወረቀቱን አይተሻል።"

"አይቻለሁ።"

"ፊርማውንም?"

"ፊርማውንም።"

"እንግዲያው ተይው ፀዳልዬ። ከፍለን እንገላገል።"

"አያልነሽ ከየት አምጥታ ትከፍላለች? ነርሲንግ ሆም የአዳር ፈረቃ እየሠራች ልጅ ለብቻዋ የምታሳድግ ሴት?"

"እናዋጣላታለን። ሐበሻ ተቸግሮ መቼ ወደቀ?"

"አርባ ስምንት ቤት ነው ጋሼ። ኔፓሎቹስ? ሜክሲኮዎቹስ? ያቺ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው አሮጊት ፈረንጅስ? ለስንቱ ነው የምናዋጣው?"

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ዓይናቸው ላስቲኩ ላይ ነበር።

"ስብሰባ ነበር ወይ ነው ያልኩዎት።"

"የአያልነሽ ልጅ ክርስትና የተነሳችበት እሑድ ነው" አሉ በመጨረሻ።

ያኔ ቀኑ መጣላት። የሕንፃው የጋራ አዳራሽ፣ የተደረደሩት ትሪዎች፣ በነጭ የተጠቀለለችው ሕፃኗ አቢጊያ። ጋሽ ወልደገብርኤል ሊመርቁ ሲነሱ ስለ ግድግዳው አንድ ነገር ማለታቸው ትዝ አላት፤ ምን እንዳሉ ግን አልያዘችውም ነበር። እሷ ያኔ ወጥ እያቀረበች ነው።

"ያ የድርጅቱ ሰው ሁለት ጊዜ እዚህ ቤት መጣ" አሉ። "እዚህ አንቺ የተቀመጥሽበት ላይ ተቀምጦ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ 'ጥፋቱ የኛ ነው፣ ደፍነን ቀለም እንቀባለን፣ ከዚያ ቅሬታ አይኑር' አለኝ። ጥፋቱን አምኖ ደጅህ የመጣን ሰው ምን ትለዋለህ? ይቅር ትለዋለህ እንጂ። እኔ እርቅ መስሎኝ ነው። ሰው ተሰብስቦ ነበር፣ ይቅር ብለነዋል ወይ አልኩ፣ ሁሉም ይቅር ብለነዋል አለ፤ መረቅሁ፣ አሜን አለ። አስቻለው እንደ ድምፅ ጻፈው። አንቺም አሜን ብለሻል።"

"የነበርነው ስንት ቤት ነን?"

"አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት። ሌሎቹማ በምን ያውቁናል? የክርስትና ድግስ እኮ ነው።"

"ታዲያ ይህን ለጠበቃዋ ይንገሯት።"

"ምን ብዬ?" ድምፃቸው ከፍ አለ። "'ያልተደረገ ስብሰባ ተደረገ ብሎ የጻፈው አስቻለው ነው' ብዬ? አፈር ባለበስነው ሰው ላይ? አንቺ ልጅ፣ ሙት ወቃሽ ልታደርጊኝ ነው? መቃብሩ ላይ ቃል ገብቼልሻለሁ!"

"ቃሉን የገቡት ለእኔ ነው። እኔ ለቅቄዎታለሁ።"

"ቃል እንዲህ በቀላሉ አይለቀቅም።"

"ሰው በቁሙ ሲቃጠልስ? ሐምሌ ላይ ቀን ሆኖልን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ዛሬ ነው ጋሼ።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልክ ነሽ። ግን አልችልም።"

"እንግዲያው ቅዳሜ ቦርዱ በጠራው የባለቤቶች ስብሰባ ላይ እኔ እናገራለሁ።"

"ማን ያምንሻል? አንቺ አፍ ነው ያለሽ፤ እነሱ ወረቀት አላቸው።"

ይህን ያሉት ሊያስቀሯት ነበር። እሷ ግን ደረጃውን ስትወጣ ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያን ቀን ድግሱን በስልክ ሲቀርጽ የዋለ ሰው ነበር።

አያልነሽን ያገኘቻት በነጋታው ማለዳ፣ ከአዳር ሥራ ስትመለስ መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። ድግሱን የቀረጸው የአያልነሽ ወንድም ነበር፤ ቪዲዮው ስልኳ ላይ አለ።

"እትዬ ፀዳል…" አለች አያልነሽ ስልኳን ደረቷ ላይ ይዛ። "አለበት እኮ። ጋሽ አስቻለው አለበት። የአቢጊያን ልደት ባከበርን ቁጥር ያቺን ክፍል ዘልዬ ነው ለሰው የማሳየው፤ አንቺ እንዳታዪው ብዬ።"

"ስላለበት ነው የፈለግሁት።"

"ብቻሽን አትዪው።"

"ላኪልኝ" አለች ፀዳል። "ወደ ሥራ መሄዴ ነው።"

ያየችው በምሳ ሰዓት፣ ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ፣ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ነው። መጀመሪያ ድምፁን ዘግታ አየች። የሰው ልብስ፣ የሳህን ብዛት፣ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ የተጻፈው የክርስትና ቀን፤ ልክ ናሙና እንደምትመረምር፣ አንድ በአንድ። ከዚያ ድምፁን ከፈተች።

የጋሽ ወልደገብርኤል ድምፅ ቀደመ። "የሠራው ሰው ጥፋቱን አምኖ መጥቷል። ይቅር ብለነዋል?"

"ይቅር ብለነዋል!"

"ቤታችንን ይባርክልን!"

"አሜን!"

ከዚያ አስቻለው በግራ በኩል ገባ። እጅጌው እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል፤ በአንድ እጁ ሳህን፣ በሌላው ወረቀት ይዟል። "ጸሐፊው ሥራ ላይ ነው! ዝም በሉ! የሚቃወም አለ? የለም። በሙሉ ድምፅ አልፏል። ጥብሱ ሳይቀዘቅዝ ስብሰባው ተዘግቷል!"

ሰው በሳቅ ፈነዳ። ከስልኩ አጠገብ፣ ከሁሉም ድምፅ ቀርቦ፣ የአንዲት ሴት ድምፅ ተሰማ፤ "አሜን፣ አሜን! በል አሁን ተቀመጥና ብላ።"

የራሷ ድምፅ ነበር። እንዲህ ባለ ድምፅ ትናገር እንደነበር ረስታዋለች።

ሦስት ጊዜ አየችው። አራተኛ አላየችውም፤ የምሳ ሰዓቷ አልቆ ነበር።

ያን ማታ ለልጇ አልነገረቻትም፤ የነገረቻት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ሔርሜላ ሃያ ዓመቷ ነው፤ ዴንቨር ኮሌጅ ትማራለች። ቪዲዮውን አይታ ስልኩን በግንባሩ ደፋችው።

"ማሚ፣ ኖ። ይስቁበታል። ከዚያም ብሶ፣ ዋሽቷል ይላሉ።"

"ይሉ ይሆናል።"

"ኤንድ አንቺ በዚህ ኦኬ ነሽ?"

"አይደለሁም" አለች ፀዳል። "ግን አባትሽ ጽፎት የሄደውን ነገር ማረም የሚችል እሱ ነበር። እሱ የለም። አያልነሽን ቤትሽን ልቀቂ ሲሏት፣ እኔ አራተኛ ፎቅ ቁጭ ብዬ ስሙን ልጠብቅ? እሱ ራሱ ይህን ቢሰማ አብሮኝ አይቀመጥም።"

ሔርሜላ ስልኩን ከደፋችበት አነሳችው። ከዚያ ላፕቶፗን ከፈተች።

"እነሱ አማርኛ አይሰሙም" አለች። "ሰብታይትል ልሥራበት። ግን 'ጥብሱ' የሚለውን በእንግሊዝኛ እንዴት እላለሁ?"

"ጥብስ በይው። ሃቫና ላይ የማይበላው ሰው የለም።"

ቅዳሜ በስምንት ሰዓት አዳራሹ ሞላ። ያው የክርስትናው አዳራሽ ነው። ተገኝ የሚባለው የኡበር ሾፌር የአሁኑ ቦርድ ሊቀመንበሯ ንግግሯን ሳትጨርስ ተነሳ።

"አንድ ጥያቄ ብቻ። ፎሙን የለጠፈው ማነው? እኔ ነኝ? ጎረቤቴ ነው? ኤርፖርት ሰው ሳመላልስ ነው የዋልኩት፤ ግድግዳ ስለጥፍ ያየኝ ሰው ካለ ልክፈል!"

ሳቁና ጭብጨባው ሲበርድ ሊቀመንበሯ ያንን ወረቀት አነበበች። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ባለቤቶቹ ራሳቸው በሙሉ ድምፅ መብታቸውን ለቀዋል፤ ስለዚህ የቀረው መንገድ መዋጮ ነው፤ ወደ ውሳኔ እንሂድ አለች። ጋሽ ወልደገብርኤል ከኋላ ወንበር ላይ፣ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ወለል ወለሉን ያያሉ።

ፀዳል ተነሳች። የተናገረችው በእንግሊዝኛ ነው፤ ቤቷ ጽፋ አምጥታው ነበር፣ ወረቀቱን ግን አልገለጠችውም።

"ቃለ ጉባኤውን የጻፈው ባለቤቴ ነው" አለች። "ስሙ አስቻለው ይባላል። የጻፈው እውነት አይደለም። ሊዋሽ ብሎ አልጻፈም፤ ይሁን እንጂ እውነት አይደለም። በዚያን ቀን ስብሰባ አልነበረም። የነበረውን አሁን ታያላችሁ።"

ሔርሜላ ቪዲዮውን ግድግዳው ላይ አበራችው። አዳራሹ ውስጥ አዳራሹ ታየ። አቢጊያ በነጭ ተጠቅልላ አለፈች። ይቅር ብለነዋል፣ አሜን፣ ጥብሱ ሳይቀዘቅዝ። ፀዳል ወደ ግድግዳው አላየችም፤ ሰዉን ነበር የምታየው። አንዳንዱ ሳቀ። ልጇ እንደፈራችው ሳቀ። ፀዳል ቆማ ጠበቀች።

ከኔፓሎቹ መሐል አንድ ጎልማሳ እጁን አወጣ። "እኔ ይህን ቤት የገዛሁት ከዚያ ቀን በፊት ነው። ለስብሰባ አልተጠራሁም። ድግስ እንደነበረም አልሰማሁም።"

"ባለመስማትህ ጥሩ ጥብስ አምልጦሃል" አለ ተገኝ።

ከቦርዱ አንዱ ሰውዬ ግን አልሳቀም። "ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ይህ ማለት ባልሽ ሰነድ ፈጥሯል ማለት ነው። እንዲህ ተብሎ መዝገብ ላይ ይጻፍ ነው የምትይው?"

ያቺ ቃል እንደምትመጣ አውቃ ነበር።

"ይጻፍ" አለች። "አሜን ካሉት አንዷ እኔ ነኝ፤ ድምፄን ሰምታችኋል። ስሜን ከስሙ አጠገብ ጻፉት።"

ያኔ ከኋላ የምርኩዝ ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ወልደገብርኤል በሰው መሐል ቀስ እያሉ መጥተው ከፀዳል አጠገብ ቆሙ። በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ጀምረው ተዉትና ወደ ሔርሜላ ዞሩ።

"ተርጉሚልኝ የኔ ልጅ። ሰዉን የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ይቅር በሉ ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ጎረምሳ ነበር፣ ጋሼ ካሉ ብሎ ጻፈ። እሱ የለም፤ እኔ አለሁ። በእሱ ላይ የሚጻፍ ነገር ካለ በእኔ ይጀመር። የተጠራ ስብሰባ አልነበረም። ፍርድ ቤትም ቢሆን ሄጄ ይህንኑ እላለሁ።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለፀዳል ብቻ፣ "አንቺው ቀድመሽ ስላወጣሽው ነው። እኔ ብቻዬን ላውጣው ብል አንደበቴ አይታዘዘኝም ነበር" አሏት።

"ገብቶኛል ጋሼ።"

አስቻለው ሲያርፍ አምሳ አራት ዓመቱ ነበር። ጎረምሳ ሲሉት ግን ማንም አላረማቸውም።

ሔርሜላ ተርጉማ ስትጨርስ ከፊት ተቀምጣ የነበረችው ጠበቃዋ ተነሳች። ዛሬ የሚወሰነው አንድ ነገር ነው፤ ወረቀቱን ተቃውመን የገነባውን ድርጅት እንክሰስ ወይስ አንክሰስ። ክሱ ሊረዝም ይችላል። እስከዚያው ሌት ተቀን እሳት የሚጠብቀውን ዘበኛ ወጪ ነዋሪው ይሸፍናል፤ ይህን ማንም እንዳይደብቃችሁ። ከአርባ ስምንቱ ሃያ አምስት ባለቤት ካልፈረመ ክስ የለም አለች።

ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። በየቤቱ ቁጥር አንጻር አንድ አንድ መስመር አለ። ሰዉ ለመሰለፍ ወንበሩን ሲገፋ፣ ጋሽ ወልደገብርኤል የረጅም ዘመን ልማድ ሆነባቸውና ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ሐበሻው ሁሉ ባለበት ቆመ። ተገኝ ቆቡን አወለቀ፤ አያልነሽ ልጇን ዝም አሰኘቻት። የሃያ ሰው አፍ ለአሜን ተሰናድቶ ጠበቀ።

ሽማግሌው እጃቸው አየር ላይ እንዳለ የሆነ ነገር አሰቡ። ከዚያ መለስ አድርገው ምርኩዛቸው ላይ አሳረፉት።

"መጀመሪያ ፈርሙ" አሉ። "ምርቃቱ አያመልጣችሁም።"

ፀዳል ተራዋን ጠብቃ ጠረጴዛው ጋ ደረሰች። በቤታቸው ቁጥር አንጻር ሁለት ስም ታትሟል፤ የቤቱ ወረቀት ገና አልተለወጠም። በአስቻለው ስም ትይዩ ያለውን ባዶ ቦታ ጠበቃዋ ባዘዘችው መሠረት "በሕይወት የለም" ብላ ሞላችው። ይህን ቃል በእጇ ስትጽፍ የመጀመሪያዋ ነው። ከሥሩ በራሷ ስም ፈረመችና እስክሪብቶውን ከኋላዋ ለነበረችው ለአያልነሽ ሰጠቻት።

አያልነሽ የፈረመችው ሃያ ስድስተኛ ሆና ነው። ከእሷም በኋላ ሰልፉ አላለቀም ነበር።